ድስቱን አሞታል እንዴ? የኩሽና ቴርሞሜትር ግምገማ ከዱባይ ሆቴል

የምሠራው ዱባይ ነው፣ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ውስጥ። ሃይጂን ማኔጀር ይሉኛል። አገር ቤት ስገባ ሥራዬን ሳስረዳ ግማሹ ዘመድ «ጽዳት ነው እንዴ?» ይላል፣ ግማሹ ደግሞ «አሃ፣ ምግብ ቀማሽ!» ይላል። ሁለቱም አይደለሁም፣ ምግቡ እንዳይበላሽና እንዳይበከል የምቆጣጠር ነኝ። እንዲያውም ሳልቀምስ የምውልበት ቀን ይበዛል። ሁዳዴ ላይ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሬ ሥጋና ዓሣ ስወጋ፣ አይብ ስወጋ እውላለሁ። መርፌዋ ትገድፋለች እንጂ እኔ ጾሜን ነኝ።

መርፌዋ ያልኳት ቴርሞሜትሬን ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለሷ ነው። አዲስ አበባ ምግብ ቤት የከፈቱ፣ እዚሁ ገልፍ ኩሽና የተቀጠሩ ልጆች «የትኛውን ልግዛ?» እያሉ ስለሚጽፉልኝ ለሁሉም አንዴ ልመልስ ብዬ ነው። የፋብሪካ ስም አልጠራም። ማንም አልከፈለኝም፣ ማንንም ማማት ደግሞ አልፈልግም። ዓይነቱን ልንገራችሁ፣ ሱቅ ስትገቡ ራሳችሁ ትለዩታላችሁ።

ስጀምር ሃይጂን የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። ከ11 ዓመት በፊት የገባሁት በስቱዋርድነት ነው። አውሮፕላን ላይ ያለው እንዳይመስላችሁ፣ ሆቴል ውስጥ ስቱዋርድ ማለት ሰሃን አጣቢ ነው። ማታ ማታ ኮርስ እየወሰድኩ፣ የማዘጋጃ ቤቱን ፈተና እያለፍኩ፣ ከማጠቢያው ወደ ክሊፕቦርዱ ተሻገርኩ። ዱባይ ውስጥ ምግብ የሚሠራ ቤት በማዘጋጃ ቤቱ ደንብ የሰለጠነ ኃላፊ ሊኖረው ግድ ነው፤ ፒአይሲ ይሉታል። እዚያ በኩል ነው በሩ የተከፈተልኝ።

የመጀመሪያ ቴርሞሜትሬን በ35 ድርሃም ገዛሁ። ቀጭን፣ ነጭ፣ እንደ እስኪርቢቶ ያለች። በየሱፐርማርኬቱ ተንጠልጥላ የምትገኘዋ ናት። ስለሷ ጥሩ ነገር ልናገር ካልኩ ዋጋዋ ነው። ሌላው ሁሉ ራስ ምታት ነው። ቁጥሩ እስኪረጋ 15 ሰከንድ ትፈጃለች። ቤት ውስጥ 15 ሰከንድ ምንም አይደል፣ ግን ቡፌ ላይ 40 ዓይነት ምግብ ሲኖር 10 ደቂቃ ሙሉ ቆሞ መጠበቅ ነው፣ ያውም እንግዳው ከጀርባዬ ማንኪያ ይዞ «ምን ገባ ምግቡ ውስጥ?» እያለ። ውሃም አትችልም። አንዷ ሾርባ ውስጥ ገብታ በዚያው ቀረች። አንዷን በእርጥብ ፎጣ ስጠርጋት ዓይኗ ጠፋ። በዓመት 4 ገዛሁ፣ 140 ድርሃም ማለት ነው። ርካሽ ነው ብሎ መግዛት እንዲህ ነው።

ባለ ሰዓት መልኩ አለ ደግሞ፣ ክብ ሆኖ ጠቋሚ ያለው። ሼፎች እጅጌያቸው ላይ ባለች ጠባብ ኪስ ይሰኩታል፣ ያምርባቸዋል። ባትሪ አይፈልግም። ችግሩ ሙቀቱን የሚለካው በጫፉ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ውስጡ ያለው ጥምዝ ብረት ከጫፉ ወደ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚሄድ ያ ሁሉ ምግቡ ውስጥ መግባት አለበት። ሙሉ የበግ እግር ላይ ሸጋ ነው። የዶሮ ፍርምባ ላይ ግን ግማሹ ሥጋ ግማሹ አየር ይለካና የሁለቱን አማካይ ይነግራችኋል። ለበርገርማ ጭራሽ አታስቡት።

ሦስተኛው ሽጉጡ ነው፣ ኢንፍራሬዱ። በቀይ ነጥብ አነጣጥሮ የሚለካው። ከኮሮና ወዲህ ሁሉም ሰው ፍቅር ይዞታል። (በነገራችን ላይ የግንባሩ ሽጉጥ ሌላ ነው። 2020 ላይ አንዱ የማታ ፈረቃ ልጅ የግንባሩን ይዞ የሾርባ ድስት ለካ፤ ቁጥር አልሰጥ ሲለው «እታለም፣ ሾርባው ትኩሳት አለው መሰለኝ» አለኝ። እስካሁን ስናወራው እንስቃለን።) ትክክለኛው የኩሽና ሽጉጥ ፈጣን ነው፣ ምግብ አይነካም፣ ዕቃ ጫኝ መኪና በር ላይ ቆሞ ካርቶኖቹን ለማየት ግሩም ነው። ግን የሚያየው ላይ ላዩን ብቻ ነው። ያቺ ቀይ ነጥብ ምንም አትለካም፣ ማነጣጠሪያ ናት። የሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ካነጣጠራችሁት ደግሞ የብረቱን ሳይሆን ብረቱ የሚያንጸባርቀውን የሌላ ነገር ሙቀት ይነግራችኋል። የሚንተከተክ የብረት ድስት ጎኑን ለክቼው 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ብሎኝ ያውቃል።

ይሄ ሽጉጥ ጉድ ሊሠራን የነበረበትን ማታ ልንገራችሁ።

ረመዳን ነው። ሆቴላችን ድንኳን ተክሎ የኢፍጣር ቡፌ ያዘጋጃል፣ በዚያ ምሽት 400 ሰው ተመዝግቧል። የኢፍጣር ጣጣው ልዩ ነው። በሌላ ጊዜ እንግዳ እየተንጠባጠበ ይመጣል፣ ምግቡም በየተራ ይወጣል። ኢፍጣር ላይ ግን 400 ሰው አንድ ደቂቃ ላይ ይነሳል። ስለዚህ ምግቡ ቀድሞ ወጥቶ፣ ተደርድሮ፣ አዛኑን ይጠብቃል። መሀል ላይ ኡዚው አለ፤ ሙሉ በግ በሩዝ ላይ ተጋድሞ፣ ለውዝና ዘቢብ ተነስንሶበት፣ ከላይ የማሞቂያ አምፖል በርቶለት። ኩሽናው ምድር ቤት ነው፣ ምግቡ በዕቃ ሊፍት ወጥቶ በጋሪ ተገፍቶ ነው ድንኳኑ የሚደርሰው። ሊፍቱ በዚያ ቀን ተበላሽቶ ቆይቶ ነው የተሠራው።

ለአዛን 40 ደቂቃ ሲቀር ሱ ሼፉ፣ ምክትሉ ማለት ነው፣ በሽጉጡ በጉን ለካ። 71። ጻፈ። ትኩስ ምግብ ከ60 በታች እንዳይወርድ ነው ሕጋችን፣ ስለዚህ 71 ሸጋ ቁጥር ነው። እኔ ግን አምፖሉን አየሁት። ያ አምፖል የበጉን ጀርባ እያሞቀ ነው፣ ሽጉጡ የለካው አምፖሉን ነው ማለት ይቻላል። መርፌዬን አውጥቼ ሩዙ መሀል ከተትኳት። 49.3።

ዋናው ሼፍ መጣ። 25 ዓመት ኩሽና ውስጥ የኖረ ሰው ነው፣ ሰሃን ሳጥብ ያውቀኛል፣ ያኔ ስሜን አያውቅም ነበር። ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ «የ25 ዓመት እጅ አለኝ፣ ምግብ መቀዝቀዙን ከሽታው አውቃለሁ» አለኝ። ከሱ ጋር ልከራከር? የት ብዬ! ቋንቋውም፣ ማዕረጉም፣ ቁመቱም ከኔ ይበልጣል። ምንም አልመለስኩም። መርፌዋን ሌላ ቦታ ከተትኩና መስኮቷን ወደሱ አዞርኩለት። 48.8። ሦስተኛ ቦታ። 50.1። ቴርሞሜትር ፊት አያይም። ማን እንደያዘው አያውቅም፣ ትናንት ድስት ስታጥብ የነበረች ትሁን ሌላ ግድ የለውም።

ሩዙ በሙሉ ወደ ምድጃ ተመለሰ፣ 75 እስኪል። ሩዝ ላይ እንዲህ የምጨክነው በምክንያት ነው። ባሲለስ ሴሬየስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፣ ዘሩ ቅቅሉን ችሎ ያልፋል፣ ከዚያ ሩዙ ለብ ብሎ ሲቆይ ይራባበታል። የሚተፋው መርዝ ደግሞ መልሳችሁ ብታሞቁትም አይጠፋም። ስለዚህ ሰዓቱንም ነው የማየው፣ ከኩሽና የወጣበትን። አንድ ሰዓት አልሞላውም ነበር፣ ለዚያ ነው መመለስ የቻልነው። ቆይቶ ቢሆን መጣያ ነበር መንገዱ። አዛን ብሎ ሰው ሲነሳ ግማሹ ሩዝ ገና በሊፍቱ እየመጣ ነበር። ሼፉ 3 ቀን አላናገረኝም። በ4ኛው ቀን «ያቺን ነገር የት ገዛሽው?» አለኝ። አሁን የራሱ አለው፣ ስሙን ጽፎበታል፣ ለማንም አያውስም።

ያቺ ነገር እንግዲህ አራተኛዋ ናት፣ ታጣፊዋ። እንደ ሰንጢ ትከፈታለች፣ ስትዘጋ መርፌዋ ሰውነቷ ውስጥ ትገባለች። ስትከፈት ትበራለች፣ ስትታጠፍ ትጠፋለች፣ ቁልፍ ፍለጋ የለም። የምትለካው በጫፏ ነው፣ ቴርሞካፕል ይባላል፤ ሁለት የተለያዩ ቀጫጭን ሽቦዎች ጫፍ ላይ ተገናኝተው በሙቀት የሚፈጥሩትን ጥቂት ኤሌክትሪክ ታነባለች። ጫፏ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ትሞቃለች፣ በ2 በ3 ሰከንድ ቁጥሩ ይረጋል። ዓሣም በርገርም አይከብዳትም። ውሃ ውስጥ ብትወድቅ ወጥታ ትሠራለች። የኔ 320 ድርሃም ነው የወሰደችው፣ 4 ዓመቷ ነው። ከነዚያ ከ4ቱ ነጮች ጋር አስሉት።

እንከን የላትም አልልም። ዋጋዋ ለአንድ ትንሽ ምግብ ቤት ቀላል አይደለም። የለካችውን አታስታውስም፣ በእጅ መጻፍ አለባችሁ። ሰው ደግሞ ጠንካራ ስትመስለው ያላግባብ ይጠቀምባታል፤ የዕቃ ተረካቢያችን የበረዶ ዶሮ ካርቶን ሊወጋ ሲል ጫፏን አጎበጣት። በረዶ የሆነ ነገር አይወጋም ወገን! መርፌዋን በሁለት እሽግ መሀል አጋድማችሁ፣ ላይና ታቹን ጫን አድርጋችሁ ትጠብቃላችሁ። ደግሞ ትጠፋለች። ኩሽና ውስጥ እስኪርቢቶና ቴርሞሜትር ባለቤት የላቸውም።

አጠራረጓ ላይ አደራ። ጥሬ ዶሮ ወግታችሁ ሳትጠርጉ ሰላጣ ከወጋችሁ ባትለኩ ይሻል ነበር፣ በሽታውን በእጃችሁ ነው ያደላችሁት። እኛ በአልኮል የራሰች ጨርቅ እንጠቀማለን፣ አንዷ ለአንድ ጊዜ። የአሳማ ኩሽናችን ደግሞ ለብቻው ነው፤ ቢላውም፣ መክተፊያውም፣ ቴርሞሜትሩም። የሱ መርፌ ላይ ሮዝ ፕላስተር ጠቅልዬበታለሁ። እዚህ ጉዳይ ላይ እኔም ሙስሊሞቹም አንድ ነን፣ ያቺን መርፌ ተሳስቶ የነካ እጁን ሦስቴ ነው የሚታጠበው።

አሁን ቴርሞሜትር ገዝታችሁ አታምኑት። ሳምንት በሳምንት ፈትኑት። ብርጭቆ ሙሉ በረዶ ሰባብራችሁ ጨምሩ፣ ክፍተቱን በቀዝቃዛ ውሃ ሙሉት፣ አማስሉ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ መርፌውን ታችና ጎን ሳይነካ መሀል ያዙት። 0 ማለት አለበት፣ ግማሽ ዲግሪ ወዲያ ወዲህ ችግር የለም። ከዚያ የሚፈላ ውሃ፣ 100።

100 ስል ዱባይ ማለቴ ነው። እዚህ ጋ የራሴን ጉድ ላውጣ። ለፋሲካ አገር ገባሁ፣ ታጣፊዋ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች፣ ልማድ ሆኖብኝ። እናቴ ቤት ሽሮ ሜዳ ነው። ለቡና የተጣደ ውሃ ተንተክትኮ ሲፈላ እስቲ ብዬ ከተትኳት። 91.4። ጠበቅኩ። 91.4። ውሃው እየተገላበጠ ነው፣ እንፋሎቱ ቤቱን ሞልቶታል፣ መርፌዋ ከ91 ንቅንቅ አልል አለች። 320 ድርሃሜ አለቀ ብዬ ልቤ ቀጥ አለ። ከጎረቤት ፍሪጅ በረዶ ለምኜ ሞከርኳት። 0.1። ደህና ናት! ከዚያ ነው ያፈርኩት። ኮርስ ላይ ተምሬዋለሁ እኮ። ከፍታ ሲጨምር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፣ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ዱባይ ባሕሩ አፍ ላይ ናት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ሽሮ ሜዳ ደግሞ እንጦጦ ሥር፣ ከዚያም ትበልጣለች። ያደግኩበት ቤት ውስጥ ውሃ 100 ዲግሪ ሆኖ አያውቅም።

ይሄን ለአጎቴ ልጅ ስነግረው ጭንቅላቱን ያዘ። ቦሌ አካባቢ ምግብ ቤት አለው፣ ከወር በፊት አንድ ቴርሞሜትር ገዝቶ የፈላ ውሃ ውስጥ ሲከተው 92 ስላለው «ተበላሽቷል» ብሎ ከሻጩ ጋር ተጣልቶ መልሶታል። ሻጩም አላወቀ፣ ተቀብሎታል። ስለዚህ አዲስ አበባ ያላችሁ፣ 92 አካባቢ ካለ ቴርሞሜትሩ ጤነኛ ነው። 100 ካለ ነው መጠርጠር። ድሬዳዋ ያላችሁ 96 ገደማ ጠብቁ። ግራ ከገባችሁ በረዶውን እመኑ፣ በረዶ ከፍታ አያውቅም። ምግብ ለማብሰል ግን አትስጉ፣ ለዶሮም ለሥጋም የምንፈልገው መሀሉ 75 እንዲደርስ ነው፣ 91 ከበቂ በላይ ነው። ባቄላው ነው የሚያስቸግረው፣ እሱን እናቶቻችን በትዕግሥት ሲያበስሉት ኖረዋል።

ያው ፋሲካ ላይ ዶሮ ወጡን ለካሁት። አዎ፣ አብዳለች በሉኝ። ቅዳሜ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከእሳት ሲወርድ 90። ትልቅ ድስት ነው፣ ሁለት ዶሮ፣ ክዳኑ ተከድኖ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ። ሌሊት 9 ሰዓት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ሲከፈት 44። እኔ ሥራዬ ስለሆነ ደነገጥኩ። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው ባክቴሪያ ዘር ማፍላት አይገድለውም፣ ወጡ ቀስ እያለ ሲበርድ ይነቃል፣ ከ40 ትንሽ ከፍ ያለ ለብታ ደግሞ ነፍሱ ነው። ሆቴል ቢሆን ይሄን ወጥ በሁለት ሰዓት ከ60 ወደ 20፣ በቀጣዮቹ አራት ሰዓት ወደ 5 ማውረድ አለብን። ብላስት ቺለር የሚባል ምግብ በፍጥነት የሚያበርድ ማሽን አለን፣ እንደ ቁም ሳጥን የቆመ፣ ሲነሳ አውሮፕላን የሚመስል። እናቴ ጋ ያለው ጨርቅ ነው።

መርፌዋን ድስቱ ውስጥ ስሰካ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ቴርሞሜትር ነው እማዬ።»

«ድስቱን አሞታል እንዴ?»

ለማስረዳት ሞከርኩ። 44ን፣ 60ን፣ ባክቴሪያውን። እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ «ልጄ፣ እናንተን ስድስታችሁን ያሳደገ ድስት ነው» ብላ ወሰደችውና እሳት ላይ ጣደችው። ተንተክትኮ እስኪፈላ ማንም አልቀመሰም። እውነቱን ለመናገር ያዳነን ይሄ ነው። የነቃው ባክቴሪያ ደግሞ ሲፈላ ይሞታል፣ ይሄኛው እንደ ሩዙ አይደለም። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የከረመ ወጥ ሳታፈላ አቅርባ አታውቅም። ሲሞቅ ለብ ብቻ ሲደረግ ነው ሆድ የሚያመው። የቀረውን ግን ለመንኳትና በሦስት ትንንሽ ሳህን ከፍለን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀመጥነው፣ ሲበርድ ፍሪጅ ገባ። «እንደ ሕፃን ታጥቡታላችሁ» አለች።

እና የቱን ልግዛ ላላችሁኝ፦ ምግብ ቤት ካላችሁ ታጣፊዋን። ሁለት ብትሆን ይመረጣል፣ አንዷ ለጥሬ አንዷ ለበሰለ። ሽጉጡን ዕቃ ለመረከብ ብቻ፣ ገንዘብ ከተረፋችሁ። ባለ ሰዓቱን ለሼፉ ጌጥ። ነጯን ቤት ውስጥ ለሚጋግር ሰው። ለታጣፊዋ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻታለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት በዋጋዋ ነው። ሠራተኛ ካላችሁ ደግሞ መመዝገቢያ ቅጹን እዩት። የፍሪጅ ሙቀት ለሳምንት 4፣ 4፣ 4፣ 4 ተብሎ በአንድ እስኪርቢቶ፣ በአንድ የእጅ ግፊት ከተጻፈ፣ ማንም ፍሪጁን አልከፈተም። በአንድ ቁጭታ ነው የተሞላው። እኔም ሰሃን አጣቢ ሆኜ ሞልቼ አውቃለሁ፣ ለዚያ ነው የማውቀው።

አሮጊቷን ታጣፊ፣ ጫፏ የጎበጠችውን አቃንቼ ለእናቴ ትቼላት መጣሁ። ባለፈው ሳምንት ደወለች። መርፌዋ በጣም ጠቅማታለች፣ የጎረቤት ልጅ አተኩሶት ብብቱ ውስጥ አድርጋ ለካችው፣ 38.2 አለ፣ ጤና ጣቢያ ላኩት። እኔ እዚህ ኩሽና መሀል ቆሜ ጮህኩ፣ «እማዬ! ዶሮ የምንወጋበት እኮ ነው! መርፌ ነው!»

«አይዞሽ» አለችኝ፣ «በአረቄ ጠርጌዋለሁ።»